የተፈናቀለ ልጅ ቤታችሁ ሲገባ፦ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ምን ይደረግ?

የእህቴ ልጅ እኔ ቤት የገባው ጥቅምት 2014 ማብቂያ ላይ ነው። ዕድሜው 14 ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ነሐሴ ላይ ከወልድያ ወጥቶ ደሴ ዘመድ ቤት ከረመ። ደሴም ተራዋ ሲደርስ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ መጣ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፈናቀለ ማለት ነው። የያዘው አንድ ፌስታልና ባትሪው የሞተ ስልክ ነው። እናቱ ከታናናሾቹ ጋር ወልድያ ቀርታ ነበር። ስልክ ስለተቋረጠ ድምጿን ከሰማን ሰንብተን ነበር።

እኔ የማውቀው ማብላት ነው። አበላሁት። ከዚያ ቁጭ አድርጌ "እስቲ ንገረኝ፣ ምን አየህ?" አልኩት። ሰሐኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ዝም አለ። ለአራት ቀን "እሺ" እና "አይ" ብቻ ነበር የሚለው። ጥፋቴን ለመረዳት ወራት ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

ያን ዓመት እንዲህ ያለ እንግዳ የተቀበለው የእኔ ቤት ብቻ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2021 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ መፈናቀል ተመዝግቧል። እስከዚያ ድረስ በግጭት ምክንያት በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ ነበር። ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕን የመሳሰሉትን መጠለያዎች በቴሌቪዥን እናያለን። እንደኔ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት፣ ሳሎን ፍራሽ ላይ ያደረውን ልጅ ግን ማንም አያየውም። ይህ መመሪያ በተለይ ለእሱ አሳዳሪዎች ነው። አክስት፣ አጎት፣ ታላቅ እህት፣ የክርስትና እናት፣ ጎረቤትም ብትሆኑ ይመለከታችኋል።

እኔ የደረስኩበት ነገር አንድ ነው። ወሬውን አታውጣጡት፣ መጀመሪያ ኑሮውን መልሱለት። እንቅልፍ፣ ትምህርት ቤት፣ ጓደኛ፣ ሥራ። ወሬው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ካልመጣም ብዙ ልጅ ሳያወራው ይድናል።

1. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

መኝታውን አሳዩት። "እዚህ ጋ አንተ ትተኛለህ፣ ይሄ ብርድ ልብስ ያንተ ነው" በሉት። ፍራሹ መሬት ላይ ቢሆንም ግድ የለም፣ ቦታው ግን በየቀኑ አይቀያየር። ለዕቃው ካርቶንም ቢሆን ክዳን ያለው ነገር ስጡትና ማንም አይንካበት። ሽንት ቤቱን፣ የመብራት ማብሪያውን፣ የግቢው በር በሌሊት እንዴት እንደሚከፈት አሳዩት። በሩ እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ ቀላል ነገር ይመስላል። ሸሽቶ ለመጣ ልጅ ግን መተንፈሻ ነው።

ሁለተኛው ሥራችሁ ጠያቂውን ማገድ ነው። ጎረቤት ለደግነት ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያ ልጁ ፊት "እናትየው በሕይወት አለች?" ይላል። በር ላይ ቀድማችሁ "ስለዚያ ነገር እሱ ፊት አናነሳም" በሉ። አንድ ሁለት ሰው ይቀየማችሁ ይሆናል። ይቀየም።

ሦስተኛ፣ የማትጠብቁትን ቃል አትግቡ። "እናትህ ነገ ትመጣለች" ማለት ለዛሬ ማታ ይጠቅማል። ከነገ ወዲያ ግን እናንተንም አያምናችሁም።

2. የምታዩት ነገር አብዛኛው በሽታ አይደለም

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ሊባንን፣ በትንሽ ነገር ሊቆጣ፣ ሊፈዝ ይችላል። በ12 እና በ13 ዓመቱም አልጋ ላይ ሊሸና ይችላል። ልጃገረዷ የወር አበባዋ ሊዛባ ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚናገረው ገላ ነው። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ልቤ ይመታል። ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ፣ ምርመራው ንጹህ ይሆናል፣ "ሲያስመስል ነው" ትላላችሁ። አያስመስልም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ መነሻው ጭንቀት ሆኖ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው ግምት፣ ጦርነትና ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች 1ዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። ድባቴ፣ ከባድ ጭንቀት፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ ሰቀቀን የመሳሰለው ማለት ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩት ግን ከአምስቱ አራቱ ያዝናሉ፣ ይፈራሉ፣ ይባንናሉ እንጂ የሚታከም ሕመም የለባቸውም። ስለዚህ ልጁን ገና ከበር "ታሟል" ብላችሁ አትቀበሉት። "ልቡ ተነክቷል" የሚል ስም ሰፈር ውስጥ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ድምፅ ግን ቁም ነገር ነው። እኛ ግቢ የቆርቆሮ በር አለ፣ ነፋስ ሲመታው ይጮኻል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ምሳ እየበላን ሳለ ነው። ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። የእኔ ልጅ ሳቀች። በማግስቱ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ቆርጠን መታንበት፣ ጩኸቱ ቀረ። ርችት የሚተኮስበት በዓል ሲመጣ ቀድማችሁ ንገሩት። "ዛሬ ማታ ርችት ይተኮሳል፣ ተኩስ አይደለም፣ ከፈለግህ ቤት ውስጥ አብረን ሙዚቃ እንከፍታለን" በሉት። ተነግሮት የሚሰማው ድምፅና ሳይነገረው የሚሰማው ድምፅ አንድ አይደሉም።

3. እንቅልፍ

ከሁሉ በፊት እንቅልፉን ያዙ። ያልተኛ ልጅ አይማርም፣ አይታገሥም፣ አያገግምም።

የእህቴ ልጅ ጫማውን አድርጎ ነበር የሚተኛው። ሁለት ቀን አወለቅኩለት። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ነቅቼ ሳየው መልሶ አድርጎታል፣ ክሩም ታስሯል። "ለምን?" ስለው "እትዬ፣ ባዶ እግር መሮጥ ያማል" አለኝ። ከዚያ በኋላ አላስወለቅኩትም። ጫማውን አጥበን፣ ከፍራሹ አጠገብ እጁ የሚደርስበት ቦታ እንዲያስቀምጠው ተስማማን። አንድ ወር ገደማ ፈጀ። ትምህርቱ ይህ ነው፦ የፍርሃቱን ዘዴ አትንጠቁት፣ በምትኩ የሚሆን ነገር ስጡት።

ቤት ውስጥ የሚሠራው እነሆ።

ቡና። የወሎ ልጅ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ ቢጠጣ አይገርምም። ከምሳ በኋላ ግን አትስጡት። ከሰዓት የጠጣው ቡና ሌሊት ይጠብቀዋል።

ሰዓት። መኝታና መነሻው በየቀኑ አንድ ይሁን። ሌሊት ባይተኛም ጠዋት ይነሣ። ቀን የመተኛት ልማድ ከያዘ ሌሊቱ ለሐሳብ ክፍት ይሆናል።

ብርሃን። ትንሽ መብራት ይብራለት። "ትልቅ ልጅ ነህ" አትበሉት። መብራት ከጠፋ የሚይዘው ባትሪ አጠገቡ ይኑር።

ቅዠት። እየቃዠ ከሆነ አትነቅንቁት፣ አትያዙት። ተይዞ የሚያውቅ ልጅ ሊማታ ይችላል። መብራቱን አብሩ፣ ራቅ ብላችሁ በስሙ ጥሩት። "እኔ ነኝ። አዲስ አበባ እኔ ቤት ነህ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። በሩ ተቆልፏል።" ማን፣ የት፣ መቼ። ሌላ ወሬ አያስፈልግም። ሲነቃ ውኃ ስጡት፣ ፊቱን ይታጠብ። ቅዠቱን ሌሊት አትጠይቁት።

ቅዠቱ እየደጋገመ ከመጣና ልጁ ራሱ መናገር ከፈለገ፣ ቀን ላይ አንድ ዘዴ ይሞከራል። ቅዠቱን መጨረሻውን ቀይሮ ይጻፈው ወይም ይሳለው። የሚያባርሩት ሰዎች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ ይሰበራል፣ እሱ ማዶ ይቀራል። አዲሱን መጨረሻ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ያስበው። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ባለሙያዎችም የሚሠሩበት ነው። ልጁ ካልፈለገ ተዉት።

ፍርሃቱ ቀን ድንገት ሲነሣበት ደግሞ ሁለት ነገር አስተምሩት። አንደኛው ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠረ ያስገባ፣ በአፉ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣ። ቡና እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብሎ። እጁን ሆዱ ላይ ያድርግ፣ መነሣት ያለበት ሆዱ ነው እንጂ ደረቱ አይደለም። ሁለተኛው ቆጠራ ነው። የሚያየውን 5 ነገር፣ የሚዳስሰውን 4፣ የሚሰማውን 3፣ የሚያሸተውን 2፣ የሚቀምሰውን 1 ይጥራ። የእኛው ልጅ ወጥ ቤት ገብቶ "ድስት፣ ማማሰያ፣ ጀሪካን፣ ምድጃ፣ እትዬ" ይል ነበር። ሁለቱንም ደህና ሳለ ይለማመደው። ፍርሃቱ መሐል ላይ አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡት። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ልማድ ይሆናሉ። ለታዳጊ ሐዘንና ድንጋጤ መድኃኒት አይደሉም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክራቸውም።

4. ወሬ ሲመጣ

ፊት ለፊት ተቀምጦ "ንገረኝ" ማለት የፖሊስ ጣቢያ ነገር ነው። ልጅ የሚያወራው ጎን ለጎን ሆናችሁ ነው። ምስር ስትለቅሙ፣ ሽንኩርት ስትልጡ፣ ታክሲ ስትጠብቁ። ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ይረዳል። የእኛው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መንገዱ ያወራኝ ምስር እየለቀመ ነው። ከሰፌዱ ቀና ሳይል። እኔም ቀና አላልኩም። አንድ ኪሎ የማይሞላ ምስር አንድ ሰዓት ተኩል ለቀምን።

ሲያወራ አታቋርጡት። "እና ከዚያስ? ስንት ነበሩ? ማን ነው የመታህ?" አያስፈልግም። ዝርዝሩን አንዴ ቁጭ አድርጎ ማስተረክ ይፈውሳል የሚል አስተሳሰብ ድሮ ነበር። አሁን አይመከርም፣ አንዳንዱን ልጅ ይብስበታል። እስከፈለገበት ድረስ ይሂድ፣ ሲያቆም እናንተም አቁሙ። ያመነን ሰው የሚያስደስተው ቃል አጭር ነው፦ "ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። ታዳጊ ልጅ ራሱን ይከሳል። "አያቴን ትቻት ሮጥኩ" ይላል። እናንተ ሳታውቁት ይህንን ይዞ ለወራት ይከርማል።

አትበሉ የምላቸውም አሉ። "ወንድ ልጅ አያለቅስም።" "ሌላው እኮ ከዚህ የባሰ አይቷል።" "አንተማ ተርፈሃል፣ ተመስገን በል።" "ሆድ ይፍጀው" የሚለውም እንደዚያው። ቃሉ ለአዋቂ ክብር ነው፣ ለልጅ ግን ሸክም ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውም ከዚያው ከአገራችን አፍ የወጣ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

5. መርዶ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ። ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ነው።

ወልድያ አብሮት ያደገ ጓደኛው መሞቱን ከእሱ አስቀድሜ ሰማሁ። አልነገርኩትም። "እስኪረጋጋ" አልኩ። መርዶ ለልጅ አይረዳም፣ አዋቂ ይሸከመው የሚል ነገር ውስጤ አለ፣ እናንተም ውስጥ ይኖራል። በ11ኛው ቀን የኔን ስልክ ተውሶ ፌስቡክ ከፈተ። የጓደኛውን ፎቶ አየ። ከሥሩ ሻማ፣ ከሥሩ "ነፍስህን በገነት ያኑራት"። ስልኩን አስቀመጠና "ታውቂ ነበር?" አለኝ። ያን ቀን "እትዬ" እንኳ አላለኝም።

ድሮ ሞት መደበቅ ይቻል ነበር። ዛሬ ከአርጂው ቀድሞ ቴሌግራም ያረዳል። ስለዚህ ፈጥናችሁ ራሳችሁ ንገሩት።

የሚነግረው ልጁ የሚያምነው ሰው ይሁን፣ ሽማግሌ ስለሆነ ብቻ አይሁን። ጠዋት፣ ቤት ውስጥ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን ይሁን። ማታ ከሆነ ሌሊቱን ብቻውን ነው የሚጋፈጠው። "አሞታል"፣ "ሆስፒታል ገብቷል" እያሉ በደረጃ መዋሸት ይቅር። "መጥፎ ነገር ልነግርህ ነው። ጓደኛህ ሞቷል" በቂ ነው። እንዴት እንደሞተ ከጠየቀ የምታውቁትን ያህል በእውነት መልሱ፣ አሰቃቂውን ዝርዝር ግን አትጨምሩ።

ከዚያ ልቅሶውን አትንፈጉት። ታዳጊውን "ልጅ ነው" ብለን ከድንኳኑ እናስወጣዋለን፣ ማዶ ሄዶ እንዲጫወት እንልካለን። ይቀመጥ። ያልቅስ። ቀብር ያልደረሰ፣ መቃብሩም የት እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ሲሆን ደግሞ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር አድርጉ። ጸሎተ ፍትሐት ማስደረግ ይቻላል፣ ሰደቃ ማውጣት ይቻላል። እኛ 40ኛው ቀን ላይ ዳቦ ደፍተን ለሰፈር ልጆች አከፋፈልን። ዳቦውን የቆረሰው እሱ ነው።

የጠፋ ሰው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። "ሞቷል" አትበሉ፣ "ይመጣል" አትበሉ። "አናውቅም፣ እየፈለግን ነው" በሉ፣ እውነትም ፈልጉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በግጭት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎርሙን ራሱ ይሙላ። ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ አንድ ነገር አድርጎ መጠበቅ ይሻላል።

6. ስልክ

አትንጠቁት። ከእናቱ ጋር ያለው ብቸኛ ክር ነው። ነገር ግን የሬሳና የተኩስ ቪዲዮ የሚለቁ ቻናሎች አሉ፣ ልጁ የሰፈሩን ሰው ፊት ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ያያቸዋል። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው። ዜናውን ቀን ላይ አንዴ አብረን እናያለን። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ የሁላችንም ስልክ፣ የእኔም ጭምር፣ ብፌው ላይ ያድራል። እናቱ ከደወለች አነሣና አቀብለዋለሁ። የእኔ ስልክ አብሮ ባይገባ ኖሮ አይሠራም ነበር።

7. ትምህርት ቤት

ብዙ ሰው "መጀመሪያ ይረፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይገባል" ይላል። አልስማማም። ቶሎ ይግባ። ክፍል ውስጥ ምንም ባይገባው እንኳ ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ቦታ፣ ስሙን የሚጠራ መምህር፣ እረፍት ላይ የሚጫወት ሰው ያገኛል። ለብዙ ልጆች ከየትኛውም ምክር በላይ የሚያድነው ይሄ ነው።

ሰነድ ችግር ይሆናል። መጀመሪያ የሄድንበት ትምህርት ቤት "መሸኛና ካርድ ከወልድያ አምጡ" አለን። በዚያ ሰሞን ወልድያ! ኢትዮጵያ የተፈናቃዮችን ጉዳይ የሚመለከተውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በ2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ ሰነዱ የጠፋበት ተፈናቃይ ምትክ እንዲያገኝ፣ ለዚህም ወደ ቀድሞ መኖሪያው ተመለስ የሚል ዓይነት ያልተገባ ቅድመ ሁኔታ እንዳይጣልበት ይላል። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ርዕሰ መምህሩ እንቢ ካለ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና "ፈትናችሁ በደረጃው መድቡልን" በሉ። አትጩኹ፣ ግን አትመለሱ። እኛ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ሆነልን።

ከስደት የመጣ ልጅ ለምታሳድሩም፣ ኤርትራዊም ይሁን ሱዳናዊ፣ የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ እኩል ያደርገዋል። መታወቂያ ወረቀቱን ይዛችሁ ጠይቁ። አማርኛ ቶሎ የለመደውን ልጅ ደግሞ ለእናቱ ሕክምና አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ እናቱ ደምና ስለ እናቱ ልቅሶ ልጅ አይተረጉምም።

ከገባ በኋላ የክፍል ኃላፊውን መምህር ብቻችሁን አግኙት። ሦስት ነገር ጠይቁት። በር አጠገብ ይቀመጥ። ድንገት ወጥቶ አየር መቀበል ሲፈልግ አይከልከል። "የተፈናቃዩ ልጅ" ተብሎ አይጠራ፣ ስም አለው። የቤተሰቡን ታሪክ ግን ሙሉውን አትንገሩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ አይጠፋም።

8. ሥራ፣ ኳስ፣ ጸበል

እነዚህ ልጆች "ሸክም ሆንኩባቸው" የሚለው ሐሳብ ይበላቸዋል። ትንሽ እየበሉ "ጠገብኩ" የሚሉት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ኃላፊነት ነው። የእኛው ልጅ መብራት ካርድ የመሙላት ሥራ ተሰጠው። ደብተር ይዞ ቆጣሪውን ይመዘግብ ነበር።

ሴት ልጅ ላይ ግን ይህ መስመር በቀላሉ ይታለፋል። አሳደርናት ብለን ሠራተኛ እናደርጋታለን። ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የእናንተ ልጅ ሲያጠና እሷ ዕቃ እያጠበች ነው? አዎ ከሆነ አስጠልላችኋታል ለማለት ይከብዳል። "ጥሩ ሰው ተገኝቷል፣ እንዳርላት" የሚል ዘመድም ይመጣል። ያልደረሰች ልጅ መዳር ወንጀል ነው፣ በስንት ሺህ ብር ቢታሸግም።

ኳስ፣ መዝሙር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ ያለው ሁሉ ይጠቅማል። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት የሚያልበው ነገር ይኑረው። ጸበል ከፈለገ ይሂድ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረዋል። በቁርኣን የሚደረገው ሩቅያም እንደዚያው። ልጁን የሚያስር፣ የሚመታ ወይም መድኃኒቱን የሚያስጥል ሰው ጋ ግን አትውሰዱት።

9. ሐኪም ጋ የሚሄደው መቼ ነው?

ከወር በላይ ሆኖት ቅዠቱና ድንጋጤው ካልቀነሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከከፋው፣ ምንም ካላስደሰተው፣ ካልበላ። ትምህርት ቤት መሄድ ጨርሶ ካቃተው። የሌለ ድምፅ ከሰማ። ማስቲሽ ማሽተት፣ ጫት ወይም አረቄ ከጀመረ። ራሱን ከቆረጠ ወይም ከመታ።

ስለ ሞት እያወራ ከሆነ በቀጥታ ጠይቁት። "ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?" በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አብዛኛው ልጅ ጠያቂ በማግኘቱ ይቀልለዋል። "አዎ" ካለ አትቆጡ፣ አትስበኩ። ብቻውን አትተዉት። የአይጥ መርዝ፣ የተባይ መድኃኒት፣ የቤት ኪኒን ሁሉ ያን ቀን ከቤት ይውጣ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ጥቃት ደርሶበት ወይም ደርሶባት ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል። ሁለቱም በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ልብሷን አትጠቡ፣ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሕክምናውን፣ ምክሩንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚጨርሱ ማዕከላት አሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል አንዱ ነው። ሰዓቱ ቢያልፍም ሂዱ። ወንዶች ልጆችም ላይ ይደርሳል፣ እነሱ ደግሞ አይናገሩም።

ከዚህ ውጭ ያለው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አላቸው። ካርድ ክፍል ላይ ወረፋው እየሰማ ዝርዝር አታውሩ፣ "እንቅልፍ እንቢ ብሎታል" በቂ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ጊዜ ባነነ፣ ምን በላ። ውስጥ ስትገቡ ማስታወሻውን ስጡና "ትንሽ ብቻውን ያነጋግሩት" ብላችሁ ውጡ። እናንተ ባላችሁበት የማይናገረው ነገር አለ። ከባድ ከሆነ ሪፈር ይጻፋል። አማኑኤል ሆስፒታል ቢላክ አትደንግጡ። ሰፈር ውስጥ ስሙ ስድብ ሆኗል እንጂ ተመላላሽ ታክሞ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። የነፃ ሕክምና ወረቀት ይገኝ እንደሆነ ወረዳውን ጠይቁ።

10. እናንተስ?

በሦስተኛው ወር እኔ ራሴ መጮህ ጀመርኩ። ጤፉ ተወደደ፣ ባለቤቴ ተነጫነጨ፣ ልጄ "እሱ ሲመጣ እኔን ረሳሽኝ" አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የልጄ ሆነ፣ ሁለታችን ብቻ እንወጣለን። እሑድ ደግሞ ወንድሜ ልጁን ይወስደዋል፣ ኳስ ያሳየዋል፣ አሳድሮት ሰኞ ጠዋት በቀጥታ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል። ወንድሜን ለማስገባት አንድ ስልክ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ሦስት ወር ሙሉ ያልደወልኩት "ምን ይሉኛል" ብዬ ነው። እናንተ ከመጀመሪያው ሳምንት ደውሉ።